የጋራ መዝገብ መስመር ሲጎድል፦ መንስኤውን እንዴት እንፈልግ?



ባለፈው ረመዷን የኢፍጣር መዋጮ የምንመዘግበው ራሳችን በሠራነው አነስተኛ ፕሮግራም ነበር። መዝገቡ ሰርቨር ላይ ባለ የጋራ ፎልደር ተቀምጦ፣ አንድ ወንድም ከወንዶች ዶርም፣ አንዲት እህት ከሴቶች ዶርም ይሞሉት ነበር። አንድ ቀን የከፈለን ልጅ «አልከፈልክም» አልነው። ጣታችንን የቀሰርነውም በመዝጋቢው ላይ ነበር። ገንዘቡን ስንቆጥር ግን በእጅ ያለው ከተመዘገበው በለጠ። ገንዘቡ አለ፤ የጠፋው የልጁ ስም ያለበት መስመር ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ፕሮግራማችን ፋይሉን ሙሉውን ያነባል፣ አንድ መስመር ይጨምራል፣ ከዚያ ሙሉውን መልሶ ይጽፋል። ሁለቱም 40 መስመር አንብበው የየራሳቸውን 41ኛ ቢጨምሩ፣ ኋላ የጻፈው የፊተኛውን ይደመስሳል። 42 መሆን የነበረበት 41 ሆኖ ይቀራል፤ የስህተት መልእክትም አይመጣም።

ኔትወርኩ ደግሞ ያብሰዋል። በኤንኤፍኤስ የተጋራን ፋይል ከፍቶ የሚቆይ የሊኑክስ ኮምፒዩተር፣ ስለ ፋይሉ የያዘውን መረጃ ሰርቨሩን ሳይጠይቅ በተለመደው አሠራር ከ3 እስከ 60 ሴኮንድ ሊጠቀምበት ይችላል። ፋይሉ መጨረሻ ላይ ብቻ መጨመርም አያድንም፤ ሁለት ኮምፒዩተሮች በአንድ ጊዜ ከጨመሩ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል።

እኛ የተከተልነው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦

1. ፋይሉን ወደ አንድ ኮምፒዩተር ገልብጠን አንድ ሰው ብቻ ይሞክረው። ችግሩ ከጠፋ ጥርጣሬው ወደ ጋራ አጠቃቀሙ ያመራል።

2. በማንበብና በመጻፍ መካከል ፕሮግራሙን ሆን ብለን 5 ሴኮንድ እናቁመውና ከሁለት ኮምፒዩተር እናስነሳው። አልፎ አልፎ ይታይ የነበረው ስህተት አሁን ደጋግሞ ይመጣል።

3. የፋይል መቆለፊያ ከተጠቀምን፣ አንዱ ቆልፎ ሳለ ሌላው በእርግጥ ይጠብቃል ወይ? ፎልደሩ «ኖሎክ» በሚለው አማራጭ ከተያያዘ ቁልፉ ከዚያው ኮምፒዩተር አያልፍም። ቁልፉም ከማንበብ በፊት ተይዞ ከተጻፈ በኋላ መለቀቅ አለበት።

የኤስኪውላይት ዳታቤዝ በጋራ ፎልደር ማስቀመጥ አያዋጣም፤ በኔትወርክ ላይ የፋይል መቆለፊያ ብዙ ጊዜ ስለማይታመን አዘጋጆቹ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ። እኛ የመረጥነው ቀላሉን ነው፦ እያንዳንዱ መዝጋቢ በራሱ ፋይል ይጽፋል፤ ማታ አንድ ፕሮግራም ሁለቱን አንብቦ ድምሩን ያወጣል። ከዚያ ወዲህ ሒሳቡ ገጥሟል፤ አልሐምዱሊላህ።

ከፋዩንም መዝጋቢውንም አፉ በሉን ብለናል። መዝገብ የያዛችሁ ሁሉ፣ ሰው ከመጠየቃችሁ በፊት ፋይሉን ጠይቁ።