ብሬከሩ ለጄኔሬተሩ የሚሆን ነው? አመራረጡና ማስተካከሉ

ጄኔሬተር የሚገዛ ሰው ለሞተሩ ብዙ ይጨነቃል፤ ብሬከሩን ግን ገበያ ላይ ያገኘውን ያስገጥማል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። በመብራት ኃይል መስመር ላይ ሾርት ሲፈጠር የሚመጣው ከረንት ከፍተኛ ስለሆነ ብሬከሩ ወዲያው ይቆርጣል። ከጄኔሬተር ግን ያን ያህል ከረንት አይወጣም። ብሬከሩ ዝም ሲል የጄኔሬተሩ ጥቅል ሊቃጠል ይችላል።

በስሌት ጀምሩ። ሰሌዳው ላይ 100 ኬቪኤ፣ 400 ቮልት የሚል ባለ ሦስት ፌዝ ጄኔሬተር ሙሉ ጭነቱ 144 አምፔር ገደማ ነው፤ 100,000ን በ400 ከዚያም በ1.732 አካፍሉ። ቀጥሎ በአልተርኔተሩ (ኤሌክትሪክ በሚያመነጨው ክፍል) ሰነድ ውስጥ “ሰብትራንዚየንት ሪአክታንስ” የሚለውን ፈልጉ። 12 በመቶ ከሆነ፣ 144 ለ0.12 ሲካፈል 1,200 አምፔር ይሆናል። ተርሚናሉ ላይ ሾርት ሲፈጠር መጀመሪያ የሚወጣው ይህ ነው፤ እሱም ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይወርዳል። ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው ኤቪአር ኃይሉን የሚወስደው ከራሱ ከአልተርኔተሩ ከሆነ፣ ቮልቴጁ ሲወድቅ እሱም ስለሚዳከም ከረንቱ ከሙሉ ጭነት በታች ሊሆን ይችላል። ለብቻው ቋሚ ማግኔት ያለው ዓይነት ግን የሙሉ ጭነቱን 3 እጥፍ ገደማ ለጥቂት ሰከንድ ይይዛል። አቅማችሁ ከፈቀደ ይህን ምረጡ።

አሁን ብሬከሩን እዩ። የ160 አምፔር ብሬከር በ10 እጥፍ የሚቆርጥ ከሆነ 1,600 አምፔር ይጠብቃል፤ ያ ደግሞ ከዚህ ጄኔሬተር አይመጣም። ስለዚህ ማስተካከያ ያለው ግዙ። የሙቀቱን ማስተካከያ (ጭነት ሲበዛ የሚቆርጠውን) 0.9 ላይ አድርጉ፤ 144 አምፔር ይሆናል። የማግኔቱን ማስተካከያ (በሾርት ወዲያው የሚቆርጠውን) 5 እጥፍ ወይም ከዚያ በታች አድርጉት። ረጅም ኬብል ካለ ጫፉ ላይ የሚመጣው ከረንት ያነሰ ነውና በዚያው ልክ ዝቅ አድርጉ። ትልቅ የኤሌክትሪክ ሞተር ሲነሳ ከሙሉ ጭነቱ 6 እጥፍ ገደማ ሊስብ ስለሚችል፣ ያለ ምክንያት እስኪቆርጥ ድረስ አታውርዱት።

ይህ ሁሉ ለውጭው ሾርት ነው። ሾርቱ ጥቅሉ ውስጥ ከሆነ ብሬከሩ ቢቆርጥም አልተርኔተሩ ራሱን ማቃጠሉን አያቆምም። በዚህ ጊዜ ኤክሳይቴሽኑ (ማግኔቱን የሚፈጥረው ከረንት) መቋረጥና ሞተሩ መቆም አለበት። ስለዚህ ይህን ጉዳት የሚለይ መከላከያ፣ ለምሳሌ የዲፈረንሻል ወይም የኧርዝ ፎልት ሪሌይ፣ ኤቪአሩንና የነዳጁን ሶሌኖይድ አብሮ እንዲያጠፋ አስገጥሙ። ጄኔሬተሩን ከመንካታችሁ በፊት ሞተሩን አጥፉ፤ በራሱ እንዳይነሳም የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ።

በመጨረሻ የብሬከሩን የሙከራ ቁልፍ ተጫኑ፤ ካልቆረጠ ቀይሩት። በሥራ ላይ ሳለ ከቆረጠ ደግሞ ሾርቱ ሳይገኝ አትመልሱት። ኤቪአሩንና ዳዮዶቹን አላቅቃችሁ ጥቅሉን በ500 ቮልት ሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) ለኩ። ከ1 ሜጋኦም በታች ካሳየ ጄኔሬተሩን አታስነሡ።