የሣር ምድርን መልሶ የማልማት ተግባርና የፈንገስ ጥያቄ

ፈንገስ ሲባል አብዛኞቻችን የሚታወሰን የሻገተ እንጀራ፣ ቢበዛም የጅብ ጥላ ነው። በዚህ አጭር ጥናት የምንመለከታቸው ግን ከዕፅዋት ሥር ጋር ተቆራኝተው የሚኖሩትን ፈንገሶች ነው። ለዚህ ዓይነቱ ቁርኝት ማይኮራይዛ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1885 ያወጣው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ፍራንክ ነው።

ግንኙነቱ በመሠረቱ የልውውጥ ነው። ተክሉ ከፀሐይ ብርሃን ያዘጋጀውን ስኳር ይሰጣል፤ ፈንገሱ በበኩሉ ከሥር በቀጠነ ክሩ፣ ሥሩ ከማይደርስበት የአፈር ቀዳዳ ፎስፈረስ ለቅሞ ያመጣል። መሬቱ ሲታረስ ማረሻው ይህን ክር ይበጣጥሰዋል። የፎስፈረስ ማዳበሪያ ሲበዛ ደግሞ ተክሉ የፈንገሱ ውለታ ስለማያስፈልገው ስኳሩን ይነፍገዋል። ስለዚህ ለዓመታት የታረሰ መሬት ጦም ሲያድር በውስጡ የሚገኙት ፈንገሶች እንደ ቀድሞዎቹ አይደሉም።

ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ የሰሜን አሜሪካው የረጅም ሣር ሜዳ ነው። ከጥንቱ ስፋት ዛሬ የቀረው ከመቶ 4 እጅ አይበልጥም። መልሶ ለማልማት የተነሡት ሰዎች ለብዙ ዘመን ያተኮሩት ዘር በመዝራት ላይ ብቻ ነበር። ሣሩስ ይበቅላል፤ በነባሩ ሜዳ ዘግይተው የሚመጡት ልዩ ልዩ አበባዎች ግን ወይ አይመጡም ወይ ይቀጭጫሉ። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮዚዮልና ቤቨር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ከነባር ሜዳ የተገኙ ፈንገሶች ሲጨመሩ የዕፅዋቱ ዓይነት መብዛቱን፣ ዘግይተው የሚመጡትም ቶሎ መታየታቸውን አሳይተዋል።

በገበያ የሚሸጠው የፈንገስ ዱቄት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ ያለ ውጤት መቅረቱ በተደጋጋሚ ሙከራ ታይቷል። በእኛ አስተያየት ገንዘብ ከመክሰር በፊት በአካባቢው ማረሻ ያልነካውን መሬት መፈለግ ይሻላል፤ በአሜሪካ እንዲህ ያለው መሬት በአሮጌ መቃብር ስፍራና በባቡር ሐዲድ ዳር ሳይቀር ተርፏል። ከዚያ ጥቂት አፈር ወስዶ በችግኝ ሥር ማራባት ይቻላል፤ ነባሩን ሜዳ ቆፍሮ መጨረስ ግን አይገባም።

ይህ ሲባል ፈንገስ በበዛ ቁጥር የዕፅዋት ዓይነት ይበዛል ማለት አይደለም። ሃርትኔትና ዊልሰን በካንሳስ ኮንዛ ሜዳ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናት ተቃራኒውን አግኝቷል። ፈንገሱ በመድኃኒት ሲታፈን፣ በእርሱ ላይ አጥብቀው የሚተማመኑት ትልልቅ ሣሮች ተዳከሙ፤ ለሌሎቹም ቦታ ተለቀቀላቸው። እንግዲህ ሊሰመርበት የሚገባው ጥያቄ ከፈንገሱ ይበልጥ የሚጠቀመው የትኛው ተክል ነው የሚለው ነው። ሣሩ ከገነነ እንደ ኮንዛ ጎሾች ያለ ግጦሽ ይገታዋል። በፎስፈረስ በተጥለቀለቀ እርሻ ላይ ደግሞ የተጨመረው ፈንገስ ራሱ ብዙ ስለማይረባ፣ አፈሩ አስቀድሞ መለካት አለበት።