ወጣቱን ብስክሌት ስናስተምር

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ላለ ወጣት ብስክሌት ከመስጠታችን በፊት ምን ልናስተምረው ይገባል? ባሕር ዳር ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ስለ ተቀመጠች ፔዳል መርገጥ ብቻ የሚያውቅ ልጅ እዚያ ብዙ አይቸገርም። ንፋስ መውጫ ግን ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ነፋሷም እንደ ስሟ ነው፤ ከጎን ሲመጣ ልጅን ያንገዳግዳል። ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ የሚያልፈው መንገድም ጭነት መኪና አያጣም።

ስለዚህ ከመንዳት በፊት ማቆምን እናስተምረው። በቁልቁለት የፊቱን ፍሬን ብቻ ድንገት የያዘ ልጅ በመሪው ላይ ተሽቀንጥሮ ይወድቃል። የኋላውን አስቀድሞ፥ ሁለቱንም ቀስ እያለ፥ ፍጥነቱ ሳይበረታ ይያዝ። በዝናብ ጊዜ ፍሬኑ ቶሎ አይዝም። ጋቢውንም አጣጥፎ ይታጠቅ፤ ጫፉ በካቴናው ወይም በጎማው ከተጠመጠመ ጎበዙንም ይጥላል። እግረኛ በግራ ጠርዝ መኪናን ፊት ለፊት እያየ ይሄዳል፤ ብስክሌተኛ ግን እንደ መኪናው ቀኙን ይይዛል። ይህን ብዙዎች ያምታቱታል። በገበያ ቀን ከብትና አህያ ሲበዛ ወርዶ መግፋት ነውር አይደለም።

ሌባም አለ፤ በግ ተሸጦ የተገዛ ብስክሌት ሲጠፋ ትምህርት ቤት የሚያመላልሰው አብሮ ይጠፋል። ጎማውን ብቻ መቆለፍ ከንቱ ነው፤ ጎማው ተፈትቶ ይቀርና ሌላው ይሄዳል። ሰንሰለቱ በብስክሌቱ አካልና በጎማው ውስጥ አልፎ ከጠንካራ ቋሚ ጋር ይታሰር። ብዙውን ጊዜ ከፔዳሎቹ መገናኛ ሥር የተቀረጸ ቁጥር አለ፤ ወጣቱ በደብተሩ ይጻፈው። ቢሰረቅ ለፖሊስ «ጥቁር ብስክሌት ነው» ከማለት ያንን ቁጥር ማሳየት ይሻላል።