የጎርፍ ውኃ፣ የጋራ ጉልበትና የምግብ ዋስትና በራያ ቆቦ

በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ በረሃብ ጥናት ውስጥ ልዩ ስፍራ አለው። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ረሃብ መርምረው፣ ሰው የሚራበው እህል ከአካባቢው ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን እህል የማግኘት መብትና አቅም ስላጣ ጭምር መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ጽሑፍ ያንን ዕይታ ከገበያ ወደ ውኃ በማምጣት፣ በራያ ቆቦ ቆላ የጎርፍ መስኖ የሚመራበትን ማኅበረሰባዊ ሥርዓት ይመረምራል።

የቆቦ ሜዳ በምዕራብ ባለው ደጋና በምሥራቅ ባለው የዞብል ተራራ መካከል የተዘረጋ ነው። የሜዳው ዝናብ አነስተኛና የማይታመን ሲሆን፣ በደጋው የዘነበው ግን እንደ ጎሊናና ሆርማት ባሉ ወንዞች ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። አርሶ አደሩ ይህን ጎርፍ በአፈር፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ በተሠራ መጥለፊያ ወደ ማሳው ይመራዋል። ጎርፉ ለም ደለል ያለብሳል፤ እርጥበቱም በጥልቀት ስለሚሰርግ ማሽላው ዝናቡ ካቆመ በኋላ እንኳ ማደጉን ይቀጥላል። እንደ ደጋሊት ላሉ ዘግይተው ለሚደርሱ ነባር የማሽላ ዝርያዎች ይህ እርጥበት ወሳኝ ነው።

የአፈር መጥለፊያው ኃይለኛ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ይፈርሳል። ይህ ድክመት ግን የራሱ ማኅበራዊ ፋይዳ አለው። አንደኛ፣ መልሶ ለመሥራት ብዙ እጅ ስለሚጠይቅ የላይኛው ባለማሳ የታችኛውን ጉልበት ይፈልጋል፤ የታችኛውም በሰጠው ጉልበት ልክ የውኃ ድርሻ ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ መጥለፊያው ሲፈርስ ውኃው ለታችኞቹ ያልፋል። ተራውን የሚያስጠብቁት ደግሞ ተጠቃሚዎቹ የሚቀበሏቸው የውኃ አባቶች ናቸው።

በአንጻሩ የማይፈርስ የኮንክሪት መጥለፊያ ድካምን ቢቀንስም፣ የላይኛው የታችኛውን ጉልበት የሚፈልግበትን ምክንያት ያስቀራል፤ አፉም በደለል ሊደፈን ይችላል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የለማው የከርሰ ምድር ውኃ ሽንኩርትና ቲማቲም ለገበያ ለማምረት አስችሏል። ይሁን እንጂ ፓምፕ ያለ ኃይልና ያለ መለዋወጫ አይሠራም። ጦርነት ደጋግሞ በተመላለሰበት አካባቢ ይህ ጥገኝነት በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

ነባሩ ሥርዓትም እንከን የለሽ አይደለም። ድርሻ በጉልበት በሚለካበት ቦታ አቅመ ደካሞችና ያለ ረዳት ቤተሰብ የሚመሩ ሴቶች ከውኃውም ከእህሉም ሊርቁ ይችላሉ፤ ማሳቸውን ለእኩል አራሽ የሚሰጡትም የምርታቸውን ከፊል ያጣሉ። የሴን ትንታኔ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ጎርፉ ሜዳውን አጥግቦ እያለ ድርሻ ያጣ ቤት ሊራብ ይችላል።

ስለዚህ ዘላቂ መፍትሔ ከግንባታ በፊት የድርሻን ጥያቄ ማንሳት ይኖርበታል። አዲስ መጥለፊያ ሲነደፍ ለታችኞቹ የሚያልፈው ውኃ፣ የውኃ አባቶች ሥልጣንና ጉልበት ማዋጣት የማይችሉ ቤተሰቦች መብት አብረው ሊወሰኑ ይገባል።