ለምን እንከሳለን? ለምንስ እንወፍራለን?

የጣርማ በርን መሿለኪያ አልፈን ወደ ይፋት ቆላ የወረድነው በሐምሌ ወር ነበር። እኛ ተማሪዎች ፊደል ልናስተምር መጣን፤ ገበሬዎቹም ሥራ አስተማሩን። ሸዋ ሮቢት አጠገብ አንድ ቀን ሙሉ ማሽላ ስንኮተኩት ዋልን። ማታ ራቱ አልበቃ አለን። አንድ አባት ሳቅ አሉና፣ «ጎተራው የሚጎድለውም፣ ሥራው የሚበዛውም በዚሁ ወር ነው» አሉን። የዛሬው ትምህርታችን ይኸው ነው።

ገበሬ ነገሩን ከበሬው ያውቀዋል። ሲያርስ የከረመ በሬ ይከሳል። ሰንጋ ማድለብ የፈለገ ግን በሬውን ከቀንበር ያሳርፈዋል፤ አስሮም ይቀልበዋል። የሰው ሰውነትም እንደዚሁ ነው።

ምግብ ገቢ ነው፤ ሥራ ወጪ ነው። ተኝተን እንኳ ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይተነፍሳል፤ ይሄም ወጪ አለው። ገቢው ሲበልጥ ትርፉ ስብ ሆኖ ይከማቻል፤ እንወፍራለን። ወጪው ሲበልጥ ሰውነት ያጠራቀመውን ስብ ያወጣል፤ እንከሳለን። ሲብስም ጡንቻ ያልቃል፤ ጉልበት ይከዳል።

የዚህ ሒሳብ መለኪያ ካሎሪ ይባላል። 1 ኪሎ ማሽላ ከ3,000 በላይ ካሎሪ ይሰጣል። 1 ኪሎ የሰውነት ስብ ከ7,000 በላይ ይይዛል።

እስቲ እናስላ። የምታጠባ እናት ለወተቷ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ያስፈልጋታል። ይህ ካልተጨመረላት በ15 ቀን 7,500 ካሎሪ ይጎድላታል። ከገላዋ አንድ ኪሎ ያህል ሄደ ማለት ነው። ውኃ የምትቀዳው፣ እንጨት የምትለቅመው፣ የምታርመው እሷው ናት። ለመብላት ግን ሁሉን አብልታ መጨረሻ ትቀመጣለች። ስትከሳ ሰው «ዓይን በላት» ይላል። ዓይን አይደለም፤ የጎደለው ገቢዋ ነው።

ታዲያ የጎደለው ስንት እህል ነው? የ1 ኪሎ ማሽላ ስድስተኛ እጅ ያህል ነው። በወር 5 ኪሎ ይሆናል። አዝመራ ሲገባ ለሐምሌና ለነሐሴ 10 ኪሎ ለእሷ ብለን እናስቀምጥ። ማሽላ ብቻውን አይበቃምና ማሾውም ሁሉ ገበያ አይውጣ። ውኃውንና እንጨቱንም እናግዛት፤ ወጪዋ ይቀንሳል።

ውፍረት ሁሉ ጤና አይደለም። ቁጭ ብሎ እየዋለ ቅባትና ስኳር የሚያበዛ ሰው ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት ይጋለጣል። ክሳት ሁሉም ከምግብ ማነስ አይመጣም። በደንብ እየበላ የሚከሳ፣ ወይም 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ጥያቄዎች
1. የታሰረ ሰንጋ ለምን ይደልባል?
2. በወር 5 ኪሎ ከሆነ ለ3 ወር ስንት ኪሎ ይቀመጣል?
3. በቤታችሁ መጨረሻ የሚበላው ማነው? ለምን?