ደም መጣጩና ቡዳው፤ ስለ ሩሲያ የፍርሃት ሲኒማ አጭር ጥናት

ፊልም ሰውን የሚያስፈራው በጩኸትና በደም ብዛት ብቻ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን አባቶቻችን መስኮብ ይሏቸው የነበሩት ሩሲያውያን ከሠሯቸው የፍርሃት ፊልሞች ውስጥ ጥቂቶቹ በዝግታ ይሄዳሉ፤ የሚያስፈሩትም በዚሁ ነው። ዝግታው እንዴት እንደሚያስፈራና ለእኛ ምን እንደሚያስተምር በዚህች ጽሑፍ እንመርምር። ስለ ሩሲያ ስንናገር ዓመቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ «ቪይ» የተባለውን እንመልከት። ኮንስታንቲን ዬርሾቭና ጌኦርጊ ክሮፓቾቭ ጎጎል በ1835 ካሳተመው ታሪክ ወስደው በ1967 በሞስፊልም አዘጋጁት። በእኛ አነጋገር የቆሎ ተማሪ ልንለው የምንችል ኾማ ብሩት የተባለ ጎልማሳ በአንዲት ልጃገረድ ሬሳ ላይ ሦስት ሌሊት ዳዊት እንዲደግም ይታዘዛል። ሌሊት ሬሳዋ ትነሣለች፤ እሱም በዙሪያው በጠመኔ ክብ አስምሮ ይደግማል። ለሙት ዳዊት መድገም ለእኛ እንግዳ ስላልሆነ፥ ፍርሃቱን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

ሁለተኛው «የቩርዳላክ ቤተሰብ» ነው። ቩርዳላክ ማለት ከመቃብር ተነሥቶ ደም የሚመጥ ሙት ነው። አሌክሴይ ቶልስቶይ (የ«ጦርነትና ሰላም» ደራሲ ሌላ ነው) ታሪኩን በ1839 በፈረንሳይኛ ጻፈው፤ ጌናዲ ክሊሞቭና ኢጎር ሻቭላክ በ1990 ፊልም አደረጉት። በቶልስቶይ ታሪክ ጎርቻ የሚባል ሽማግሌ ሽፍታ ለማደን ሲወጣ፥ ዐሥር ቀን ካለፈ በኋላ ቢመጣ እንዳያስገቡት ልጆቹን አደራ ይላል። የሚመለሰው ልክ ዐሥሩ ቀን በሚሞላበት ሰዓት ነው። ቀኑ አልፏል ወይስ አላለፈም? የዝግታው ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ አባታቸውን በዓይን ይከታተላሉ፤ አበላሉን፥ የልጅ ልጁን የሚያይበትን አስተያየት ይመረምራሉ። አንባቢውም ሳያውቀው ከሳሽም ዳኛም ይሆናል።

አሁን ወደ አገራችን፥ ወደ ዋግ እንመለስ። በሰቆጣ አጠገብ ከዐለት በተፈለፈለው በውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ፥ የጥንት የዋግ ሹሞች ነው የሚባል የደረቀ አስከሬን በሣጥን ይገኛል። የመስኮብ ፊልም ሠሪ ቢያየው ሣጥኑን ለማስከፈት ይቸኩል ነበር። በሰሜኑ ደጋ ግን ይበልጥ የሚፈራው በሣጥን ያለው ሙት ሳይሆን በጎረቤት ያለው ሕያው ነው፤ ይኸውም ቡዳ የተባለው።

ቡዳ በዓይኑ ሰው ይበላል፥ ሌሊት ጅብ ይሆናል፥ መቃብር ይቆፍራል ይባላል። ስሙ ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው በብረት ቀጥቃጩና በሸክላ ሠሪዋ ላይ ነው። ልጅ ሲታመም «ማን አይቶት ነበር?» ይባላል፤ በሽተኛው በጢስ ታጥኖ ይለፈልፋል፤ ስም ይጠራል። ማረሻችንን የሚሠራልን ያ ሰው ከዚያ በኋላ ልጃችንን ለልጁ አንድርለትም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ባለእጁን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ዐዋጁን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደርሷል።

እንግዲህ ልዩነቱን እናስተውል። በቶልስቶይ ታሪክ የተጠረጠረው ሽማግሌ በእውነት ደም መጣጭ ሆኖ ይገኛል፤ ጥርጣሬው ትክክል ነበር። በእኛ መንደር ግን የተጠረጠረው ሰው ጠዋት ወናፉን ይዞ ወደ ሥራው ይሄዳል። ስለዚህ ከመካከላችን ስለ ቡዳ ፊልም ለመሥራት የሚነሣ ቢኖር፥ ከሩሲያውያን ዝግታቸውን ይውሰድ፤ ፍጻሜያቸውን ይተውላቸው። ካሜራውን በጅቡ ላይ ሳይሆን ስሙ በተጠራው ሰው ደጃፍ ላይ ያቁመውና፥ ማን እንደማይገባበት ያሳየን።

ቅድመ አያቱ አፍሪካዊ የነበረው ፑሽኪንም ስለ ቩርዳላክ ግጥም ጽፏል። አንድ ፈሪ ሌሊት በመቃብር አጠገብ ሲያልፍ አጥንት ሲቆረጠም ሰምቶ፥ ቩርዳላክ መጣብኝ ብሎ ይንቀጠቀጣል። ቀረብ ብሎ ሲያይ ግን ውሻ ነው። የተማረ ሰው ግዴታ ይኸው ቀረብ ብሎ ማየት ነው።