ፋኑ ይዞራል፣ ምስል ግን የለም

የዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ማስነሻ ቁልፍ ሲጫኑት መብራቱ ይበራል፣ ፋኑም ይዞራል፤ ሞኒተሩ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ይህ ሲያጋጥም አብዛኛው ተጠቃሚ መጀመሪያ ሞኒተሩን፣ ቀጥሎም ሃርድ ዲስኩን ይጠረጥራል። የኋለኛው ጥርጣሬ ብዙውን ጊዜ መሠረት የለውም፤ ሃርድ ዲስክ ጨርሶ ያልተገጠመለት ኮምፒዩተር እንኳ ዲስክ እንዳላገኘ የሚገልጽ ጽሑፍ በሞኒተሩ ላይ ያሳያልና።

ለምሳሌ ያህል የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክን እንውሰድ። ፓርኩ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠና ሆኗል። ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ ባለች ከተማ እንደመገኘቱ፣ ገቢና ወጪው ዕቃ የሚመዘገበው በኮምፒዩተር ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ አቧራውም ብዙ ነው። እንግዲህ በአንድ መጋዘን የዕቃ መዝገብ የሚያዝበት ኮምፒዩተር ሰኞ ጠዋት ምስል አልሰጥ አለ እንበል። መኪናው ተጭኖ ሰነድ ይጠብቃል። አዲስ ሞኒተር ከመግዛት በፊት ምን መታወቅ አለበት?

በቅድሚያ የፋኑ መዞር ምንም ያህል ማስረጃ እንደማይሆን መገንዘብ ያሻል። ፋኑ 12 ቮልት ካገኘ ይዞራል፤ ፕሮሰሰሩ ሥራ መጀመር አለመጀመሩን አያውቅም። ፓወር ሰፕላዩ ቮልቴጆቹ መረጋጋታቸውን ካረጋገጠ በኋላ፣ ከ100 እስከ 500 ሚሊ ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ለማዘርቦርዱ የ«ዝግጁ ነው» ምልክት ይልካል። ፕሮሰሰሩ የመጀመሪያ ትእዛዞቹን ባዮስ ከተባለው ቺፕ ያነብባል፤ ሜሞሪውን ይመረምራል፤ ከዚያም ምስል አቀናባሪውን ክፍል ያነቃል። ምስል የሚታየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለሆነም የጠጋኙ ሥራ ይህ ሰንሰለት የቱ ላይ እንደተበጠሰ ማግኘት ይሆናል።

ሰንሰለቱን ለሁለት የሚከፍል ቀላል ፈተና አለ። ኮምፒዩተሩ ከተነሣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ በኪቦርዱ ላይ «ነም ሎክ» የሚባለውን ቁልፍ መጫን ነው። መብራቱ በየጭነቱ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ሕያው ነው፤ ችግሩም በሞኒተሩ፣ በገመዱ ወይም በመሰኪያው ይፈለጋል። ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ ባለበት ኮምፒዩተር ገመዱን በስሕተት ማዘርቦርዱ ላይ መሰካት እጅግ የተለመደ ነው። መብራቱ የማይታዘዝ ከሆነ ግን ሣጥኑን መክፈት ግድ ይላል።

ከመክፈት በፊት የኤሌክትሪክ ገመዱ ይነቀል፤ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶም ቢሆን ገመዱ እስካለ ድረስ በማዘርቦርዱ ላይ 5 ቮልት አለና። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን ፈጽሞ አይክፈቱ። የ220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ ሲለወጥ 310 ቮልት ገደማ ይደርሳል፤ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ይህን ከተነቀሉም በኋላ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

በሙቀትና በአቧራ አካባቢ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ሜሞሪው ነው። ብረት ቀን ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሌሊት ሲበርድ ይኮማተራል፤ በዚህ ምልልስ በሜሞሪው ጥርሶችና በመሰኪያው መካከል ያለው ግንኙነት ቀስ በቀስ ይላላል፤ አቧራም ይገባበታል። ሜሞሪዎቹን ሁሉ አውጥቶ ኮምፒዩተሩን ማስነሣት ብዙ ያስተምራል፦ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ከተሰማ ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ በሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው። የድምፁ ትርጉም እንደ ባዮሱ አምራች ይለያያል፤ ድምፅ ማጉያ የሌላቸው አዳዲስ ማዘርቦርዶች ደግሞ በትንንሽ መብራቶች ይናገራሉ። ቀጥሎ ገመዱ እንደገና ተነቅሎ የሜሞሪው ጥርሶች በለስላሳ ላጲስ ይጠረጋሉ፤ ፍርፋሪው ተራግፎ አንዱ ብቻ የጎን መያዣው ቀጭ እስኪል ተጭኖ ይገባል። ዲዲአር 5 ሜሞሪ ያላቸው ማሽኖች ከእንዲህ ያለው ለውጥ በኋላ ደቂቃዎች ያህል ጥቁር ሆነው ሊቆዩ ስለሚችሉ ትዕግሥት ያስፈልጋል።

ሜሞሪው ካልሆነ ለፕሮሰሰሩ 12 ቮልት የሚያደርሰው ባለ 4 ወይም ባለ 8 ቀዳዳ መሰኪያ ይፈተሽ። እርሱ ከላላ ፋኖቹ ሁሉ እየዞሩ ምስል አይኖርም። ከዚያም ዓይን ወደ ካፓሲተሮቹ ይሂድ። ፈሳሽ ያለባቸው ካፓሲተሮች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግምት በግማሽ ያጥራል፤ አናታቸው ያበጠ ወይም ፈሳሽ ያንጠባጠቡ ካሉ ብልሽቱ ተገኝቷል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዴል ኩባንያ በጥራት ጉድለት በተበላሹ ካፓሲተሮች ምክንያት ኦፕቲፕሌክስ የተባሉ ኮምፒዩተሮቹን ለመጠገንና ለመተካት እ.ኤ.አ. በ2005 300 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ነበር።

ወደ መጋዘናችን ስንመለስ፣ የኪቦርዱ መብራት አልታዘዘም፤ ሜሞሪው ሲወጣ ድምፅ ተሰማ፤ ተጠርጎ ሲገባ ምስሉ መጣ እንበል። የቀረው አቧራውን ማራገፍ ነው። እዚህ ላይ በፋብሪካው ያለው የአየር ኮምፕሬሰር ያጓጓል፤ ነገር ግን ከአየሩ ጋር ውኃና ዘይት ሊተፋ ስለሚችል በለስላሳ ብሩሽና በእጅ መንፊያ መጠቀም ይሻላል፤ ሲነፋም ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ይያዛል።